ዳሩ የሚሠራው መሃል ላይ ነው፦ ማግ ድርን በሚውጥበት ሽመና ቀለም ስለ መቀየርና ጠርዝ ስለ ማቅናት

ስጋጃ ለመሥራት ድር የዘረጋ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅሬታ ይዞ ይመጣል። አንደኛው፣ 60 ሴንቲሜትር ወርድ ይዞ የጀመረው ሥራ ክንድ ሳይሞላ 54 ሴንቲሜትር ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ ቀለም በተቀየረበት ቦታ ሁሉ ዳሩ ማበጡ ወይም መሰርጎዱ ነው። ለሁለቱም የተለያየ መድኃኒት ይፈለጋል፤ ለመጥበቡ ጠርዙን ወደ ውጭ መጎተት፣ ለቀለሙ ደግሞ ቋጠሮና መቀስ። እዚህ የምሟገተው ሁለቱ አንድ ችግር ናቸው ብዬ ነው። ሁለቱም የሚመነጩት ማጉ በድሩ መሃል ሲያልፍ ከሚያስፈልገው ርዝመትና ከሚሄድበት መንገድ ነው። ዳሩ ላይ የሚታየው ጉድለት ዳሩ ላይ አልተሠራም፤ ከዳሩ ሁለት ስንዝር ርቆ፣ መሃል ላይ የተሠራ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ጠርዙን መቆጣጠር ትቶ ማጉን መቆጣጠር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጠርዙ አብዛኛውን ሥራ ራሱ ይሠራል።

በሪችመንድ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ አካባቢ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን መለየቱ በተለይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዓይናችን በሸማ የሠለጠነ ነው። በሪችመንድ ባሬት ጎዳና ላይ የሚገኘው፣ ሄዘል ሳልሚ እ.ኤ.አ. በ1936 የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ማዕከል ሽመና ከሚያስተምሩ የአካባቢው ቦታዎች አንዱ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ድር ፊት የተቀመጠ ኢትዮጵያዊ ስለ ጨርቅ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ የሚያውቀው ግን የነጠላና የጋቢ ሥራ ነው። በነጠላ ድሩም ማጉም እኩል ይታያሉ፣ እኩልም ይታጠፋሉ፤ አንዱ ለሌላው ትንሽ ስለሚለቅ ማጉን ቀጥ አድርጎ መወርወር ብዙ አይጎዳም። ተቃራኒውን ጫፍ ማየት የፈለገ በጎንደር ዘመን ተሠርተው ዛሬ በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየምና በቶሮንቶው የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የሚገኙትን ትልልቅ የሐር የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ያስብ። በእነሱ ላይ የሚታየው ድሩ ነው፤ ቀለሙም ሥዕሉም ያለው ድሩ ውስጥ ነው፣ ማጉ ተደብቋል። ስጋጃ ግን የእነሱ ግልባጭ ነው። ድሩ ሙሉ በሙሉ ይዋጣል፣ ቀለሙን ሁሉ የሚሸከመው ማጉ ነው። ከአገራችን ሥራ ለዚህ የሚቀርበው የነጠላ ጥለት ነው፤ ባለቀለሙ ማግ ተጠቅጥቆ ነጩን ድር የሚሸፍንበት ያ ጠባብ ክፍል። ሳስቶ የተሠራው የነጠላው መሬት አልቆ ጥለቱ በሚጀምርበት መስመር ላይ ጠርዙን በጣታችሁ ብትዳስሱ፣ ክሩና አመታቱ ሲቀየር ወርዱም ለመቀየር እንደሚሞክር ይሰማችኋል። በሽሮ ሜዳ የሚሠሩ የዶርዜ ሸማኔዎች ይህን በእጃቸው ስሜት ያመጣጥኑታል። ስጋጃ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያው ውርወራ እስከ መጨረሻው ሁሉም ጥለት ነው።

ነገሩ በሂሳብ ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። ድሩ ተወጥሮ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም የመታጠፉ ሸክም ሁሉ በማጉ ላይ ይወድቃል፤ ማጉ አንዱን የድር ክር ከላይ፣ ቀጣዩን ከሥር እያለ ይሄዳል። በድር ክሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከመሃል እስከ መሃል 4 ሚሊሜትር ነው እንበል፤ የድሩም የማጉም ውፍረት 1.5 ሚሊሜትር ይሁን። ማጉ ከአንዱ ክር በላይ ተነሥቶ ከቀጣዩ በታች ለመግባት 4 ሚሊሜትር ወደ ጎን ሲሄድ 3 ሚሊሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ጎኖቹ 3 እና 4 የሆነ ባለ ቀጥታ ማዕዘን ሦስት ማዕዘን ሦስተኛ ጎኑ 5 ነው። ስለዚህ ማጉ ለእያንዳንዱ 4 ሚሊሜትር ወርድ 5 ሚሊሜትር ክር ይፈልጋል፤ 60 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ ይህ 75 ሴንቲሜትር ይሆናል። እውነተኛ ሱፍ ሲመታ ስለሚጨመቅ ትርፉ ከዚህ ያንሳል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም። ቀጥ አድርጋችሁ 60 ሴንቲሜትር ብቻ ከሰጣችሁት፣ ማጉ የጎደለውን ርዝመት ከየትም ያመጣዋል። የሚያመጣውም ሲጎተት ወደ ውስጥ ሊቀርብ ከሚችለው ብቸኛ ነገር፣ ከዳሩ ድር ነው።

እንግዲህ ሥራው የሚጀምረው ከድሩ ነው። ለድር የሚሆነው ጠንካራ፣ ለስላሳና ብዙ የማይለጠጥ ክር ነው፤ ጠበቅ ብሎ የተገመደ ጥጥ ወይም ተልባ ይበቃል። ከአገር ቤት የመጣ የእጅ ፈትል ያለው ሰው ድር ሊያደርገው ይመኝ ይሆናል፤ አታድርጉት። ልሙ ፈትል በዚህ ውጥረትና በማበጠሪያው ፍትጊያ ይበጠሳል፣ ደግሞም ተውጦ ስለሚቀር ውበቱ ባክኖ ይቀራል። አገር ቤት ያሉ ብዙ ሸማኔዎችም ለድሩ የፋብሪካ ክር ይዘው ፈትሉን ለማግ የሚያውሉት ያለ ምክንያት አይደለም። የድር ክሮቹን ቁጥር ጎዶሎ አድርጉት፤ በ4 ሚሊሜትር ርቀት 60 ሴንቲሜትር ለማግኘት 151 ክር ማለት ነው። የጎዶሎነቱ ጥቅም ሁለት ቀለም ስታፈራርቁ ይገለጣል። በግራና በቀኝ ጫፍ ያለውን የድር ክር ድርብ አድርጉትና እንደ አንድ ቁጠሩት፤ የዳሩ ድር ከሌሎቹ በላይ ይፈተጋል፣ ይሳባልም። ወርዱን የሚያሳይ የካርቶን ልክ ቆርጣችሁ ከጎናችሁ አኑሩ፤ በየአምስት ሴንቲሜትሩ እሱን ጣል አድርጎ ማየት ዓይንን ከማመን ይሻላል፣ ዓይን ቀስ እያለ የሚመጣን መጥበብ ይለምደዋልና።

ቀጥሎ ማጉን መዘርጋት ይመጣል፤ ዋናው ጉዳይ ይሄ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ያዙት። ሽመና ያስተማሩን ሰዎች አንድ ትልቅ ቅስት ሠርተን እንድንመታ ይነግሩን ይሆናል። ለጠባብ ሥራ ይበቃል። ለሰፊ ሥራ ግን አይበቃም፤ 60 ሴንቲሜትር ላይ 15 ሴንቲሜትር ትርፍ ክር በአንድ ቅስት ለማስገባት ቅስቱ የወርዱን ሲሶ ያህል ከፍታ ይጠይቃል፣ ድሩ ደግሞ ያን ያህል ቦታ የለውም። ስለዚህ ማጉን ካሳለፋችሁ በኋላ በጣታችሁ እየተጫናችሁ ወደ ትንንሽ ኮረብታ ከፋፍሉት። በየ10 ሴንቲሜትሩ አንድ ኮረብታ ብታደርጉ፣ ለ25 ከመቶ ትርፍ የሚያስፈልገው ቁመት 4 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ ሱፉ የሚጨመቅ ከሆነ 3 ይበቃል። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩት፦ ማጉ በአዲሱ ዳር በኩል ሲወጣ የመጣበት ዳር መጠምጠሙን እዩ፤ ማጉ የዳሩን ድር ነክቶ ይቀመጥ፣ አይጨብጠው፣ አይለቀውም። ከዚያ ኮረብታዎቹን ሥሩ፤ ከዚያ የኮረብታዎቹን ጫፍ በሹካ ወይም በማበጠሪያ ነካ ነካ አድርጋችሁ አውርዷቸው፤ ከዚያ ድሩን ቀይሩና ሙሉ በሙሉ ምቱ። ዳሩን ካስተካከላችሁ በኋላ ማጉን ከሌላው ጫፍ የመጎተት ፈተና ይመጣል። እጃችሁን አንሡ። የጎተታችሁት ክር የሚመጣው ከኮረብታዎቹ ነው፣ ኮረብታዎቹ ሲጠፉ የሚከፍለው ዳሩ ነው።

ማጉ መብዛቱም መታወቅ አለበት። ሥራው ላይ ክሩ በየቦታው ቀለበት እየሆነ ከወጣ፣ ወይም ወርዱ ከልኩ በላይ ከሰፋና ዳሩ ከተንቀዋለለ፣ ኮረብታዎቹ ረዝመዋል። ድሩ በማጉ መካከል ብልጭ ብልጭ ካለ ደግሞ ወይ ኮረብታው አንሷል፣ ወይ ማጉ ለድሩ ርቀት ወፍሯል። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች በኃይል በመምታት ሊያስተካክሉት ይሞክራሉ፤ ወፍራም ማግ በጠባብ ድር ውስጥ በጉልበት አይወርድም። ድሩን አራርቁ ወይም ማጉን አቅጥኑ።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይሰማል፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል። የመጀመሪያው፣ ዳሩን በወርድ መወጠሪያ እንጨት ወጥሮ መያዝ ይሄን ሁሉ ድካም ያስቀራል የሚል ነው። መወጠሪያው ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ ሰፊ ምንጣፍ የሚሠሩ ሰዎች ሲጠቀሙበት ትክክል ናቸው። ነገር ግን መወጠሪያው ማጉ የጎደለውን ርዝመት አይሰጠውም፤ ሥራው ከድሩ እስኪወርድ ድረስ ጉድለቱን ብቻ ይደብቀዋል። ሲወርድ ወርዱ ይሰበሰባል፣ የዳሩም ድር ላላና ጠበቅ እያለ ምንጣፉ ወለል ላይ መተኛት ያቅተዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የዳር ክሮቹን ድር ይበልጥ መወጠር ይሻላል የሚል ነው። ዳሩ ያን ጊዜ ቀጥ ይላል፤ ግን ከመሃሉ አጭር ስለሚሆን ሥራው ከድሩ ሲወጣ መሃሉ እንደ ሆድ ይነፋል። ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጥ ቁም ነገር ያለው ነው፦ የእኛ ሸማኔ ሂሳብ አይሠራም፣ በእጁ ስሜት ነው የሚያውቀው፤ እኛስ ለምን በሚሊሜትር እንጨነቃለን? ሸማኔው ግን ይለካል። ሸማ በክንድና በስንዝር ነው የሚታዘዘው፣ የሚቆረጠውም፤ ልኬቱ እጁ ውስጥ የገባው ከልጅነቱ ጀምሮ የሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ስላደገ ነው። በሪችመንድ ከሥራ ሰዓት በኋላ በሳምንት ጥቂት ምሽት የሚያገኝ ሰው ያን ዕድሜ አላገኘም። ቁጥሩ እጁ እስኪያውቅ ድረስ የሚያገለግል ምትክ ነው፤ ኮረብታውን ያለ ልክ እኩል ማድረግ የጀመረ ዕለት ቁጥሩን ሊተወው ይችላል።

ወደ ቀለም ስንመጣ የመጀመሪያው ነጥብ ይህ ነው፦ ቀለም ስትቀይሩ የምትቀይሩት ክሩን ነው። ሁለት ቀለም ያላቸው ሱፎች በውፍረት፣ በግምድና በመጨመቅ እኩል መሆናቸው እምብዛም አያጋጥምም፤ በአንድ ስም የተሸጡ ሁለት ልቃቂቶች እንኳ በማቅለሚያው ምክንያት ሊለያዩ ይችላሉ። ከመንዝ በግ የሚገኘው ሸካራ ሱፍ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ያለ ማቅለሚያ ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ ሆኖ ይገኛል፣ በእንዝርትም በእጅ ይፈተላል፤ ጥቁሩን አንዱ እጅ፣ ነጩን ሌላ እጅ ፈትሎት ከሆነ ሁለቱ ሁለት ክሮች ናቸው። በነጭ ልክ የተሠራውን ኮረብታ ለወፈረው ጥቁር ስትሰጡት ርዝመት ይጎድለዋል፣ ጥቁሩ ሰንበር ባለበት ዳሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ነጩ ሲመለስ ዳሩ ይወጣል። በየቀለሙ ለውጥ የሚታየው የዳር ማዕበል ይህ ነው፤ በቋጠሮ አይታከምም። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱን ክር በማስመሪያ ላይ ሳትጎትቱ ጎን ለጎን እየጠመጠማችሁ በ3 ሴንቲሜትር ውስጥ ስንት ዙር እንደሚገባ ቁጠሩ። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ለወፍራሙ ኮረብታውን ከፍ፣ ለቀጭኑ ዝቅ አድርጉ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ቀጭኑን ድርብ አድርጋችሁ ከወፍራሙ ጋር አቀራርቡት። ከዚያም ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ወርድ ባለው የሙከራ ድር ላይ ሁሉንም ቀለሞች ለየብቻ ሦስት ሦስት ሴንቲሜትር ሠርታችሁ ወርዱን ለኩ። ይህን ሙከራ መዝለል የምትመኙት ሥራው አስደሳች ስለሆነ ነው፤ አትዝለሉት።

ክር ሲያልቅና በራሱ ቀለም ሲቀጥል ብዙ ጣጣ የለውም። አሮጌውና አዲሱ ጫፍ በአንድ ውርወራ ውስጥ 3 ሴንቲሜትር ያህል ተደራርበው ይለፉ፤ ነገር ግን ድርቡ ወፍሮ እንዳይታይ የሁለቱንም ጫፍ ግምድ ፍቱና ከየክሩ ግማሹን ቆርጣችሁ አንሡ፣ ሁለቱ ግማሾች አንድ ሙሉ ይሆናሉ። መቀጠያው ከዳሩ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይራቅ፤ ቀጣዩ መቀጠያ ደግሞ ከመጀመሪያው በላይ አይግባ። ዳር ላይ መቀጠል የሚቀናው ጫፉን መደበቅ ስለሚቀል ነው፤ የሚደበቀው ክር ግን ጠርዙን ድርብ ያደርገዋል፣ አሥር ጊዜ አንድ ቦታ ከተቀጠለ አሥር እብጠት ይቆለላል።

ቀለሙ ሲለወጥ በአንድ ውርወራ ማደራረብ አይቻልም፤ ሁለቱ ቀለሞች ተቀላቅለው ጠቃጠቆ ይታያል። ብዙ መጻሕፍት የአሮጌውን ቀለም ጫፍ በዳሩ ድር ዙሪያ አጥፋችሁ ወደዚያው ውርወራ መልሱት ይላሉ። ይሠራል፣ ግን ጫፉን አቅጥኑት፣ ደግሞም አሮጌው በግራ ዳር ካለቀ አዲሱን በቀኝ ዳር ጀምሩት፤ ሁለት ጫፍ በአንድ ዳር ላይ አይገናኝ። እኔ የምመርጠው ግን ሌላውን መንገድ ነው፦ ጫፉን 8 ሴንቲሜትር ያህል ከኋላ ተዉትና ሥራው ካለቀ በኋላ በወፍራም መርፌ ሽቅብ ወይም ቁልቁል በአንድ የድር ክር ጎን ለጎን 3 ሴንቲሜትር አስገብታችሁ ቁረጡት። ማጉ ድሩን ሙሉ በሙሉ ስለሸፈነው በድሩ አጠገብ የገባው ጫፍም አብሮ ይዋጣል፤ ከፊትም ከኋላም አይታይም፣ ጠርዙም ምንም አልተጨመረበትም። ምንጣፉ በሁለት ገጹ የሚነጠፍ ከሆነ ከዚህ የተሻለ የለም። ለግድግዳ ከሆነ ጫፎቹን ከኋላ ተንጠልጥለው መተውም ነውር አይደለም።

ሁለት ቀለም በቀጫጭን አግድም ሰንበር ሲፈራረቅ በየጊዜው መቁረጥ አያስፈልግም፤ ሥራ ላይ ያልሆነው ክር በዳሩ በኩል እየተሸከመ ይወጣል። ይህ በደንብ የሚሄደው እያንዳንዱ ሰንበር በጥንድ ውርወራ ሲሠራ ነው፤ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት። ያን ጊዜ ሁለቱም መወርወሪያዎች ወደ ተነሡበት ዳር ይመለሳሉ። ሦስት ወይም አምስት ብታደርጉ መወርወሪያው በማዶ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ሰንበር የምትፈልጉት ቀለም እጃችሁ ላይ አይኖርም። የተሸከመው ክር ከአራት ውርወራ በላይ ሳይያዝ መውጣት የለበትም፤ ረዝሞ የተንጠለጠለ ክር ወይ ይላላና ቀለበት ይሆናል፣ ወይ ይጎትትና ዳሩን ያኮማትረዋል። በየሁለት ውርወራው የሚሠራው ማግ ከመመለሱ በፊት የተቀመጠውን ክር አንድ ጊዜ ይለፈው፤ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ፣ ወይም ሁልጊዜ ከኋላ ወደ ፊት። አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ ከሆነ በጠርዙ ላይ የተዘበራረቀ ነቁጥ ይታያል። ሰንበሩ ከ2 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ቁረጡና ጫፉን በመርፌ ቅበሩ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሰናከልበት ደርሰናል፦ አንድ ውርወራ ጥቁር፣ አንድ ውርወራ ነጭ እያሉ ቀጫጭን ቋሚ መስመር ማውጣት። መስመሩ የሚወጣው ጥቁሩ ሁልጊዜ በጎዶሎዎቹ የድር ክሮች ላይ፣ ነጩ ሁልጊዜ በሙሉዎቹ ላይ ስለሚያልፍ ነው። መሃል ላይ ይህ ውብ ነው፤ ዳር ላይ ግን ችግር ይፈጥራል። በመደበኛው ሥራ ማጉ የዳሩን ድር ሲሄድ ከላይ፣ ሲመለስ ከሥር ስለሚያልፍ ይጠመጥመዋል። እዚህ ግን ጥቁሩ ሲሄድም ሲመለስም ከላይ ነው፣ ነጩ ሲሄድም ሲመለስም ከሥር፤ ሁለቱም የዳሩን ድር ሳይጨብጡ ይመለሳሉ። ጠርዙ የሚቦደሰው ለዚህ ነው፤ ማንም አልያዘውም። 151 ክር ይዘን የተነሣነው ለዚህ ቀን ነበር። ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን የግራውም የቀኙም ዳር ክር ጎዶሎ ስለሚሆን ጥቁሩ በሁለቱም ዳር ከላይ፣ ነጩ በሁለቱም ዳር ከሥር ነው፤ አንድ ደንብ ለሁለቱም ይሠራል። በሙሉ ቁጥር ግን በግራ ጥቁሩ፣ በቀኝ ነጩ ከላይ ሆኖ ግራ ያጋባችኋል። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከላይ የቀረው ክር የዳሩን ድር አንድ ሙሉ ዙር ጠምጥሞ ይመለስ፤ ከሥር የቀረው ደግሞ ከመመለሱ በፊት ከዚያኛው ጋር ይቆላለፍ። በየጊዜው ማጉን ቀስ ብላችሁ ሳብ በማድረግ ፈትኑት፤ የዳሩ ክር አብሮ ካልተነቃነቀ አልተያዘም ማለት ነው። ሙሉው ዙር ጠርዙን ጥቁር ብቻ ያደርገዋል፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩት አሉ፣ እኔ ግን ሥራውን የሚያጥር ጥሩ መስመር ሆኖ ነው የማየው። በዚህና በሌሎች የዳር ጉዳዮች ላይ በስፋት መመልከት የሚፈልግ ሰው እንግሊዛዊው ሸማኔ ፒተር ኮሊንግዉድ እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ምንጣፍ ሽመና ያሳተመውን መጽሐፍ ይፈልግ።

ቀለም በቋሚ መስመር ሲለያይ፣ ግራው ቀይ ቀኙ ሰማያዊ ሲሆን፣ የክርክሬ ፍሬ ይበልጥ ይታያል። ቀዩ ማግ ወደ ሰማያዊው ሲደርስ ይመለሳል፤ ሰማያዊውም እንዲሁ። ሥራው መሃል ላይ ሁለት አዲስ ዳር ተፈጠረ ማለት ነው። አራት ቀለም ጎን ለጎን ያለው ሥራ ሁለት ሳይሆን ስምንት ዳር አለው፣ ስምንቱም እንደ ውጭኛው ዳር ርዝመት ይጠይቃሉ። የ15 ሴንቲሜትር ቀይ ቦታ ጠባብ ነው ብላችሁ ኮረብታውን ብትነፍጉት በቀይና በሰማያዊ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ በውጭ ዳር መጥበብ የነበረው እዚህ ቀዳዳ ሆኖ ይመጣል። የአናቶሊያ ኪሊም ሠሪዎች ይህን ክፍተት ሆን ብለው ይተዉታል፣ ግን አጭር ያደርጉታል፤ መስመሩን በደረጃ በደረጃ ሰያፍ እያስኬዱ ቀዳዳው ሳይረዝም ይዘጉታል። በሳን ፍራንሲስኮ ጎልደን ጌት ፓርክ ያለው ዲ ያንግ ሙዚየም ካሮላይንና ማኮይ ጆንስ የሰጡት ትልቅ የኪሊም ስብስብ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ስለ ስብስቡ የታተመውን ካታሎግ በቤተ መጻሕፍት ብትፈልጉ ፎቶዎቹ ላይ ደረጃዎቹን መቁጠር ትችላላችሁ። ክፍተት የማትፈልጉ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። ሁለቱም ቀለሞች በአንድ የድር ክር ላይ ተራ በተራ ቢዞሩ ክፍተቱ ይዘጋል፣ ነገር ግን ያ ክር ድርብ ማግ ስለሚሸከም ሸንተረር ያወጣል፤ ለአጭር መስመር ብቻ ይሁን። ሁለቱ ማጎች በሁለት ድር መካከል እርስ በርስ ቢቆላለፉ ግን ውፍረት አይጨምርም፤ መቆላለፊያው በመስመሩ ላይ ልክ መሃል እንዲውልና አንዱ ሌላውን እንዳይጎትት ብቻ መጠንቀቅ ነው። በዚህ ሥራ ሁሉ አንድ ደንብ አትርሱ፦ በአንድ ረድፍ ያሉ ጎረቤት ማጎች ወይ እየተገናኙ ወይ እየተለያዩ ይሂዱ፣ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ አይጓዙ። ይህ ከተጠበቀ ቅርጹ በአንድ ክር ሲሰፋና ሲጠብ አንዱ ቀለም ከሌላው ቦታ ሲወስድ ላይና ታቹ አይምታታም። ከሁለት ቀለም መሃል ሦስተኛ ስታስገቡ ሁለቱ በተቃራኒ ስለሚሄዱ አዲሱ ለአንዱ ብቻ ተቃራኒ ይሆናል፤ ስለዚህ ደንቡ እንዳይፈርስ ከጎረቤቶቹ አንዱን ቁረጡና ከማዶ አስጀምሩ።

ዳሩን ለማጠንከር ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች መካከል ናቫሆዎች የሚጠቀሙበት ዘዴም መታወቅ ይገባዋል። በሁለቱም ዳር ከድሩ ውጭ ሁለት የተገመዱ የሱፍ ገመዶች ይዘረጋሉ፤ ማጉ ለጥቂት ጊዜ አንደኛውን ገመድ እየዞረ ይመለሳል፣ ከዚያ ገመዶቹ ይጠመዘዙና ሌላኛው ተራ ይወስዳል። ፍትጊያውን ገመዱ ስለሚሸከመው የዳሩ ድር ይድናል፣ በዳሩ ላይ ቀለም ሲቀየር የሚታየውን ነቁጥም ይሸፍናል። ቢሆንም ገመዱ ማጉ የጎደለውን ርዝመት አይተካም። ኮረብታውን ሳይማሩ ወደ ገመዱ መሄድ ጠንካራ ግን ጠባብ ምንጣፍ ያስገኛል።

አሮጌ ኪሊሞች ዳራቸው ወጣ ገባ ሆኖ በሙዚየም ተሰቅለው ይደነቃሉ፣ እናንተ ለምን ለቀጥታ መስመር ትሟገታላችሁ የሚል አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ ውበታቸውንም ማንም አይክድም። እኔ የምሟገተው ግን ለማስመሪያ ቀጥታነት አይደለም። አንድ ሴንቲሜትር ወጥቶ የሚመለስ ዳር ማንንም አይጎዳም። የሚጎዳው ሳያቋርጥ እየጠበበ የሚሄደው ነው፤ ምክንያቱም እየጠበበ ሲሄድ የዳሩ ድር ክሮች እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፣ ማበጠሪያው ላይ ይፈተጋሉ፣ በመጨረሻም ይበጠሳሉ። በተጠጋጋ ድር ውስጥ ማጉ ስለማይወርድ ዳሩ ከመሃሉ ቀድሞ ይከመራል፤ ምንጣፉ ወለል ላይ ሲነጠፍ ጥጉ ይነሣል፣ እግርም ይጠልፋል። ከምንጣፍ ሁሉ አካል ቀድሞ የሚያልቀው ዳሩ ነው፤ ለቤት አገልግሎት የሚሠራ ነገር ዳሩ ከተጎሳቆለ ዕድሜው ያጥራል። ያን ያህል ሱፍና ያን ያህል ምሽት የፈሰሰበት ሥራ ከዚያ የተሻለ ይገባዋል።

ጥበቱን በሥራው መካከል ካያችሁት አትደንግጡ፣ በአንድ ጊዜም ልታሰፉት አትሞክሩ። ከልኩ እስከ ግማሽ ሴንቲሜትር ከጎደለ ኮረብታዎቹን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ በሚቀጥሉት አራት አምስት ሴንቲሜትሮች ቀስ እያላችሁ መልሱት። ከአንድ ሴንቲሜትር ካለፈ ፍቱት፤ የተፈታው ሱፍ እንደገና ያገለግላል። ስትፈቱ ማጉን እየቆረጣችሁ አትጣሉ፤ በመጣበት መንገድ መልሱትና የፈታችሁትን የአንድ ውርወራ ርዝመት ለኩ። 60 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ ከ62 ያልበለጠ ክር ከወጣ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ በቁጥር አያችሁት ማለት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ውጥረቱን በአንድ ጊዜ አትልቀቁት፤ ደረጃ በደረጃ አላሉት። የድሩን ጫፎች አራት አራት እያደረጋችሁ ቋጥሩ ወይም ወደ ኋላ በመርፌ ቅበሩ፣ ከዚያ በጠፍጣፋ ወለል ላይ አንድ ቀን ይረፍ። በእርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ በሙቅ ካውያ ተጫኑት፣ አትግፉት፤ መግፋት ዳሩን ያጣምማል። ሲደርቅ ወርዱን በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ለየብቻ ለኩና ከሙከራው ቁራጭ አጠገብ ጻፉት። ጥቁሩ ካለበት ቦታ ይልቅ ነጩ ካለበት ቦታ ወርዱ ሰፍቶ ከተገኘ፣ ለሚቀጥለው ሥራ የጥቁሩን ኮረብታ ከፍ አድርጉና የነጩን እንዳለ ተዉት።